ናይት ጋርድ ኬሚካል ይለቃል ወይ? አፌን እያቃጠለኝ ነው

መምህርት ከሆጤ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

በእንቅልፌ ጥርሴን አፋጫለሁ። ባለቤቴ ድምፁ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰኛል ይላል። ጠዋት መንጋጋዬ ዝሎ፣ ጆሮ ግንዴን እየወጋኝ ነው የምነሳው። በቅርቡ ደግሞ አንድ የመንጋጋ ጥርሴ ጫፉ ተሸረፈ። እዚሁ ደሴ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ልኬት ወስዶ ለላይኛው ጥርሴ ጠንካራ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ አሠራልኝ። ናይት ጋርድ ይሉታል፤ ደረሰኙ ላይ ስፕሊንት ብለው ጽፈውታል።

ስሞክረው ላላ አለኝ። "ችግር የለም፣ አሁኑኑ እናስተካክለዋለን" ብለው ዱቄትና ፈሳሽ በትንሽ ዕቃ በጠበጡ። ፕላስቲኩ ውስጥ ቀቡትና አፌ ውስጥ አስገቡት። ትንሽ ቆይቶ ሞቀ። ሽታው የጥፍር ቀለም ቤት ሽታ ነው፣ ግን ከዚያ ይብሳል። አውጥተው ሞረዱት፣ እኔም ያን ማታ አድርጌው ተኛሁ። ሌሊት ላንቃዬና የከንፈሬ ውስጥ ተቃጠለ። ጠዋት በመስተዋት ሳየው ፕላስቲኩ የነካው ቦታ ቀልቷል።

እህቴ "ካንሰር ያመጣል፣ ጣይው" ብላ ቪዲዮ ላከችልኝ። ክሊኒኩ ደግሞ "ይለመዳል" አለኝ። ሁለቱም መልስ አልሆነኝም። የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ይሄ ነገር ከምንድን ነው የሚሠራው? ወደ ምራቄ የሚወጣ ነገር አለው? ብሩም ቀላል ስላልሆነ ዝም ብዬ ልጥለው አልችልም። ሌላው ደግሞ የሰባት ዓመት ልጄም ያፋጫል። እናቴ "ወስፋት ነው" ትላለች።

ቦርከና፦
አላህ አፊያ ያድርግሽ እህቴ። እኔ ብሆን አንድ ሌሊት አልደግምም። ፕላስቲክ ፕላስቲክ ነው። ትኩስ ነገር በፌስታል አትያዙ እየተባልን፣ ሌሊቱን ሙሉ አፍ ውስጥ ይዞ ማደር ምን ማለት ነው? ቢፒኤ ስለሚባለው የፕላስቲክ ኬሚካል አንብቢ፣ ሆርሞን ያዛባል። ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ ነክሰሽ ተኚ፣ ይሻልሻል።

ጀሶና ሰም፦
መምህርት፣ አብሽሪ። እንጀራዬ ይሄው ነው። ደሴ የጥርስ ላብ (ላቦራቶሪ) ውስጥ ቴክኒሺያን ነኝ። ወንድሜ ቦርከና፣ ስጋትህ ይገባኛል። "ፕላስቲክ ፕላስቲክ ነው" በሚለው ግን አልስማማም። አንድ ዓይነት ዱቄትና አንድ ዓይነት ፈሳሽ ይዘው ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ነገር ሊያወጡ ይችላሉ። አንዱ አፍ ውስጥ ዓመታት በሰላም ይቀመጣል፣ ሌላው በመጀመሪያው ሌሊት ያቃጥላል።

ጠንካራው ዓይነት ብዙ ጊዜ አክሪሊክ ነው፤ ሙሉ ስሙ ፖሊሜቲል ሜታክሪሌት። ዱቄቱ ቀድሞ የጠጠረ ፕላስቲክ ነው። ፈሳሹ ሜቲል ሜታክሪሌት ነው፣ እኛ ሞኖመር እንለዋለን። ሲቀላቀሉ ሊጥ ይመስላሉ። ዱቄቱ ውስጥ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባል ማስጀመሪያ አለ። እሱ ሲነሳ የፈሳሹ ሞለኪዩሎች እርስ በርስ እየተያያዙ ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ፣ ያኔ ይጠነክራል። ሰንሰለቱ ውስጥ የገባ ሞኖመር አይወጣም። ሳይገባ የቀረው ግን ነፃ ነው። ፕላስቲኩ ውስጥ ተቀምጦ፣ ምራቅ ሲደርስበት ቀስ እያለ ይወጣል። አንቺን ያቃጠለሽ እሱ ነው የሚመስለኝ። ሽታውም የእሱ ነው።

ስለዚህ ዋናው ጉዳይ ምን ያህሉ ሳይያያዝ ቀረ የሚለው ነው። ያንን የሚወስነው አሠራሩ ነው።

አንደኛው መንገድ በሙቀት ማብሰል ነው። ሊጡ ጀሶ ሻጋታ ውስጥ ይታሸጋል። ሻጋታውን የያዘው ዕቃ፣ ፍላስክ የምንለው፣ በማጥበቂያ (ክላምፕ) ጥብቅ ተደርጎ ይታሰርና በ70 ዲግሪ ገደማ ውሃ ውስጥ ለብዙ ሰዓት ይቆያል። መጨረሻ ላይ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ከፍ ይላል። ሌላው ያለ ሙቀት በራሱ የሚጠነክረው ነው፣ ኮልድ ኪዩር እንለዋለን። እዚያ ማስጀመሪያውን የሚቀሰቅሰው ፈሳሹ ውስጥ የተጨመረ አሚን የሚባል ኬሚካል ነው። በደቂቃዎች ያልቃል፣ ለጥገናም ይመቻል። ግን ብዙ ሞኖመር ይተርፈዋል። ለሰው ሠራሽ ጥርስ አክሪሊክ የወጣው የአይሶ (የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት) 20795 መስፈርት ራሱ ልዩነቱን ያውቃል። በሙቀት ለሚበስለው የተራፊ ሞኖመር ጣሪያው 2.2 በመቶ ነው። በራሱ ለሚጠነክረው 4.5 በመቶ ተፈቅዷል። በደንብ የበሰለ አክሪሊክ ግን ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል።

አንቺ አፍ ውስጥ የተጨመረው ሁለተኛው ነው። ሞቀ ያልሽው ሞለኪዩሎቹ ሲያያዙ ሙቀት ስለሚለቁ ነው። ችግሩ ስስ ሽፋን ሆኖ አየር እያገኘው መጠንከሩ ላይ ነው። ኦክስጅን መያያዙን ያግደዋል። ላዩ ላይ የሚያጣብቅ፣ ያልበሰለ ቆዳ ይቀራል። ያ ቆዳ ደግሞ ድድሽንና ላንቃሽን በቀጥታ የሚነካው ነው። አፍ ውስጥ ቅርጹን ከያዘ በኋላ ወጥቶ፣ ለብ ያለ ውሃ ባለበት የግፊት ድስት ውስጥ መጨረስ ነበረበት። ከዚያ መሞረድ፣ ከዚያ በደንብ ማለስለስ፣ ከዚያ መዘፍዘፍ።

መዘፍዘፉን ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ድርድር አላውቅም። ከተራፊው ሞኖመር የሚወጣው አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው የሚወጣው፤ የመጀመሪያው ቀን ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ታዲያ ለምን አፍሽ ውስጥ ይውጣ? ንጹሕ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይቀመጥ፣ ውሃውም ይቀየር። በኮልድ ኪዩር የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በላይ ይቆይ። ክዳን ባለው ዕቃ ዘፍዝፈሽ ስትከፍችው ውሃው ራሱ ይሸታል። ያ ሽታ ያደረው አፍሽ ውስጥ ሳይሆን ውሃው ውስጥ ነው፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ የእኛን አገር ጉዳይ ልጨምር። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፣ በ92 ገደማ ነው የሚፈላው። ኮምቦልቻ ወርደሽ ብትለኪው 94 አካባቢ ታገኛለሽ። የአምራቹ ወረቀት "በመጨረሻ በ100 ዲግሪ አቆይ" ይላል። ክፍት ድስት ላይ ውሃው ሲንተከተክ ያየ ቴክኒሺያን "100 ደረሰ" ብሎ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። አልደረሰም። ጦሳ ተራራ ሥር ቁጭ ብለህ ክፍት ድስት 100 አይደርስልህም። ያ የመጨረሻ ሙቀት ነው የቀረውን ሞኖመር ሰንሰለት ውስጥ የሚያስገባው። ስምንት ዲግሪ ሲጎድል የሚተርፈው ይበዛል። ቴርሞሜትር ማስገባትና ሰዓቱን ማርዘም ነው መድኃኒቱ። መቸኮልም አያዋጣም። ሞኖመሩ ራሱ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ እኛ ጋ ደግሞ ከዚያ ባነሰ። ሊጡ ሳይጠነክር ሙቀት ከበዛበት አረፋ ይሠራና ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ወደ ብርሃን አንስተሽ እይው። ጥቃቅን አረፋ ከታየሽ በደንብ አልተሠራም ማለት ነው።

ለጊዜው አድርገሽው አትተኚ። ግን አትጣይው። የተጨመረው ሽፋን ተሞርዶ ይውጣና በሙቀት በሚበስል ይተካልኝ በያቸው። ይህ የሚቻል ነገር ነው።

መምህርት ከሆጤ፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። አሁን አንስቼ አየሁት። ዋናው ፕላስቲክ ጥርት ያለ ነው። የተጨመረው ግን ነጣ ያለ፣ ጥቃቅን አረፋ ያለው ነው። በጥፍሬ ስነካው ትንሽ ይይዛል። "ይለመዳል" ከሚሉኝ ይህን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

ቦርከና፦
ጀሶና ሰም፣ ጥሩ አድርገህ አስረዳህ፣ አመሰግናለሁ። ግን ቢፒኤውን ዘለልከው። ሞኖመር በውሃ ወጣ እንበል። ቢፒኤስ? ደግሞ ለስላሳ፣ ጎማ የመሰለ ናይት ጋርድም አለ። እሱስ?

ሐይቅ ዳር፦
ፋርማሲስት ነኝ፣ ሐይቅ ከተማ። ይህችን እኔ ልመልስ።

ቦርከና፣ ቢፒኤን መፍራትህ ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ከሕፃናት ጡጦ አግዶታል። በ2023 የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በቀን ሊወሰድ የሚችለውን መጠን በ20 ሺህ እጥፍ ቀነሰው፤ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.2 ናኖግራም አደረገው። በ2024 መጨረሻ ደግሞ ምግብ ከሚነኩ ዕቃዎች እንዲወጣ ተወሰነ። እነዚህ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ግን ቢፒኤ የሁሉም ፕላስቲክ አካል አይደለም። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ከእሱ ነው የሚሠራው። አክሪሊክ ግን ከቢፒኤ አይሠራም። በሙቀት ለስልሶ ጀሶው ላይ ተስቦ የሚሠራው ግልጽ ወረቀት መሳይ ፕላስቲክ፣ ፒኢቲጂ የሚሉት፣ እሱም ከቢፒኤ አይሠራም። ጥርስ ሲሞላ በሚገባው ነጭ ኮምፖዚት ውስጥ ያለው ቢስጂኤምኤ ግን ከቢፒኤ የሚወጣ ነው። ናይት ጋርድ በማሽን የሚታተምባቸው አንዳንድ ሬዚኖችም (የሚጠነክሩ ፈሳሾች) የእሱ ዘመዶች አሉባቸው። ስለዚህ "ቢፒኤ አለው?" ብሎ ከመፍራት "ቁሱ ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ክሊኒኩ ሊያሳይሽ ይገባል።

ለስላሳው ሁለት ዓይነት ነው። ኢቪኤ የሚባለው በተፈጥሮው ለስላሳ ነው፣ ማለስለሻ ዘይት አይጨመርበትም። ስፖርተኞች ፈላ ውሃ ውስጥ ነክረው የሚነክሱት እሱ ነው። ሌላው ግን ማለስለሻ ተጨምሮበት ነው የሚለሰልሰው። ፒቪሲና አንዳንድ ለስላሳ አክሪሊኮች ከዚህ ወገን ናቸው። ፍታሌት የሚባሉት ማለስለሻዎች ከሰንሰለቱ ጋር አልተሳሰሩም፣ ስለዚህ ቀስ በቀስ ወደ ምራቅ ይወጣሉ። ለስላሳ የነበረ ፕላስቲክ በወራት ውስጥ እየደረቀ ከሄደ ማለስለሻው ወጥቷል ማለት ነው። የወጣው ደግሞ አፍ ውስጥ ነው። እኔ እንደዚህ ያለውን ለማንም አልመክርም።

ስለ ካንሰሩ ለእህትሽ ንገሪያት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ሜቲል ሜታክሪሌትን ያስቀመጠው ሦስተኛው ምድብ ውስጥ ነው። ይህ ማለት ካንሰር አምጪ ነው ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም ማለት ነው። በደንብ የታወቀው ጉዳቱ መቆጣትና አለርጂ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ። መቆጣት ከሆነ ፕላስቲኩ ሲወጣ በቀናት ውስጥ ይሽራል። በደንብ በስሎ፣ ተዘፍዝፎ አፍ ውስጥ ሲገባም ቃጠሎው ላይመለስ ይችላል። አለርጂ ከሆነ ግን በትንሹም ይነሳል፣ እየባሰም ይሄዳል። ተጠግኖም ካቃጠለሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሄደሽ የቆዳ ላይ ምርመራ አስደርጊ። አለርጂ ከሆነ ከአክሪሊክ ውጭ የሆነ ቁስ ይፈለጋል። ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፣ ሐኪም ቤት ነው።

ጨርቅ ነክሶ መተኛትን ተዉት እባካችሁ። ሌሊት ጉሮሮ ላይ ይሄዳል።

ስለ ልጅሽ፦ በዚያ ዕድሜ ጥርስ ማፋጨት የተለመደ ነው፣ ብዙዎቹ እያደጉ ይተዉታል። መንጋጋው ገና ስለሚያድግ ፕላስቲክ አይቸኮልለትም። እናትሽን ደስ እንዲላቸው ሰገራውን አስመርምሪ። ወስፋት ከተገኘ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ካልተገኘ ግን በግምት እየደጋገማችሁ አትስጡት። ይልቅ እንቅልፉን እዩት። የሚያንኮራፋ፣ በአፉ የሚተነፍስ ከሆነ ሐኪም ይየው።

የባቲ ልጅ ጅዳ፦
አሰላሙ አለይኩም ወገኖቼ። እኔ ጅዳ ነው ያለሁት። እዚህ ክሊኒኩ ልኬት በጀሶ አልወሰደልኝም። አፌን በካሜራ ስካን አደረጉና ፕላስቲኩን በማሽን አትመው ሰጡኝ። ቶሎ ነው የደረሰው። መልኩ ትንሽ ቢጫ ያደላል። ላዩ ስነካው የሚያጣብቅ ነገር አለው፣ ሽታም አለው። ነፍሰ ጡር ነኝና ፈራሁ። የታተመውም ይሄ ሞኖመር የምትሉት አለበት?

ኮምቦልቻ ኬሚካል፦
ወአለይኩም ሰላም እህቴ፣ አላህ በሰላም ያገላግልሽ። ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ነው የተማርኩት፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ካምፓስ። ጉዳዩ ይመለከተኛል።

አለበት። የታተመውም የሜታክሪሌት ዘመድ ነው። ልዩነቱ ማጠንከሪያው ብርሃን መሆኑ ነው። ማሽኑ ፈሳሹን ሬዚን በየንብርብሩ በብርሃን ያጠነክረዋል። ግን ከማሽኑ ሲወጣ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ላዩ ባልጠነከረ ሬዚን ተለብጧል። ሁለት ነገር ይቀረዋል። በአልኮል በደንብ ይታጠባል፣ ከዚያ ልዩ የብርሃን ሣጥን ውስጥ አምራቹ ያዘዘውን ያህል ይቆያል። ሁለቱ ሳይሟሉ ለደንበኛ ከተሰጠ የሚወጣው ኬሚካል ይበዛል። የሚያጣብቅ ከሆነና ከሸተተ፣ አንዱ እርምጃ ተዘሏል ብዬ ነው የማስበው።

ብርሃኑን ተቀብሎ ሥራውን የሚያስጀምር ነገርም ሬዚኑ ውስጥ አለ። አንዱ ቲፒኦ ይባላል። የአውሮፓ ኅብረት ቲፒኦን መራባትን ሊጎዱ ከሚችሉ ኬሚካሎች ምድብ አስገብቶታል፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከመስከረም 2025 ጀምሮም ከጥፍር ጄል አግዶታል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ አይደለም። ሁሉም ሬዚን ቲፒኦ የለውም፣ በትክክል የጠነከረው የሚለቀውም ጥቂት ነው። ግን ነፍሰ ጡር ነሽ። ስለዚህ እስክትጠይቂ አታድርጊው። ክሊኒኩን ሁለት ነገር ጠይቂ። ሬዚኑ ለአፍ የተፈቀደ ነው ወይስ ለጥርስ ሞዴል ማተሚያ የሚውለው ነው? ሞዴል ማተሚያው ርካሽ ነው፣ አፍ ውስጥ እንዲገባ ግን አልተሠራም። ሁለተኛ፣ ከታተመ በኋላ ታጥቦ በብርሃን ሣጥን ጠንክሯል ወይ? አይሶ 10993 የሚባለው የሰውነት ተስማሚነት ፈተና የሚሠራው በአምራቹ መመሪያ መሠረት ለተጠናቀቀ ዕቃ ነው። ማጠናቀቂያው ከተዘለለ የማሸጊያው ማረጋገጫ ለአንቺ አይሠራም። መልስ ከሌላቸው ድጋሚ እንዲሠሩልሽ ጠይቂ። መብትሽ ነው።

የባቲ ልጅ ጅዳ፦
አላህ ይስጥልኝ። እዚህ አፍ ፈትቶ መጠየቅ ከባድ ነው፣ አሁን ግን ምን እንደምል አወቅኩ። አውጥቼ አስቀምጬዋለሁ።

ተለማማጅ ከወልድያ፦
ጀሶና ሰም፣ እኔ ላብ ውስጥ ሥራ እየተማርኩ ነው። ሁላችሁም ስለሚያደርገው ሰው ታወራላችሁ። የኔ የጣቶቼ ጫፍ ተላልጧል፣ አንዳንዴም ይደነዝዘኛል። ሊጡን በጓንት ነው የምይዘው። ይሄም ከዚያው ነው?

ጀሶና ሰም፦
ወንድሜ፣ ይህን በመጠየቅህ ደስ አለኝ። ቀልብህን ስጠኝ።

አዎ፣ ሊሆን ይችላል። ሞኖመር በተለመደው የላስቲክ ጓንት ውስጥ በደቂቃዎች ያልፋል። ጓንት አድርጌያለሁ ብለህ ሊጡን ስትጨምቅ ሞኖመሩ ጓንቱ ውስጥ ገብቶ ቆዳህ ላይ ተዘግቶ ይቆያል። ያ ከባዶ እጅ ሊብስም ይችላል። የጣት ጫፍ መላላጥና መደንዘዝ በጥርስ ላብ ሠራተኞች ላይ የታወቀ ችግር ነው። አንድ ጊዜ አለርጂ ከሆንክ ሙያህን ልታጣ ትችላለህ። ይህን አቅልለህ አትየው።

ሊጡን በእጅህ አትንካ። በማንኪያና በስፓቹላ ሥራ። ሲያስገድድህ ፕላስቲክ ወረቀት መሃል አድርገህ ጫን። የምታቦካበት ዕቃ ክዳን ይኑረው፣ የሞኖመር ጠርሙሱን ወዲያው ክደን። መስኮት ክፈት። ውጭ ብርድ ነው ብለህ መስኮት ዘግተህ በሞኖመር ሽታ አትዋል። እሳት አጠገብ አታድርገው፣ ይቀጣጠላል። ስትሞርድ ማስክ አድርግ፣ የአክሪሊኩም የፓሚሱም (የምንወለውልበት ድንጋይ) ዱቄት ሳንባ ውስጥ ይገባል። የደነዘዘህ ካልተወህ ሐኪም ጋ ሂድና ምን እንደምትሠራ ንገረው።

ደንበኛው የሚያገኘው ተራፊውን ነው። አንተ የምትተነፍሰው ሙሉውን ነው። ቀጣሪዎች ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ለተለማማጅ አየር ማስወጫ መግጠም ቅንጦት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

አባት ከወረኢሉ፦
ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ናይት ጋርድ አይደለም፣ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው ያለኝ። ሲቆሽሽ በበረኪና አጥበዋለሁ፣ አንዳንዴም ጀርሙ ይሙት ብዬ በአልኮል። ጥሩ አላደረግሁም እንዴ?

ሐይቅ ዳር፦
አባባ፣ እንደምን አሉ? ንጽሕናውን መጠበቅዎ ጥሩ ነው። አልኮሉን ግን ይተዉት። አልኮል አክሪሊኩን ያሳብጠዋል፣ ውስጡ የቀረውንም ኬሚካል እንዲወጣ ያግዛል። ከጊዜ በኋላም ይሰነጥቀዋል። ወፍራም በረኪናም መልኩን ያበላሻል፣ የብረት መያዣ (ክላስፕ) ካለው ደግሞ ይበላዋል። ለብ ባለ ውሃ፣ በለስላሳ ብሩሽና በፈሳሽ ሳሙና ይጠቡት። ማታ አውጥተው ውሃ ውስጥ ያሳድሩት። ፈላ ውሃ አያፍሱበት፣ ይጣመማል። ዕድሜ ይስጥዎ።

ይህ ለናይት ጋርዱም ይሆናል። አልኮል ባለው የአፍ መጉመጥመጫ አትዘፍዝፉት። አድርጋችሁት ቡና አትጠጡ፣ ሙቀት የሚወጣውን ያፋጥነዋል። ጫት የምትቅሙም፣ አነቃቂ ነገር ማፋጨቱን ሊያባብሰው ይችላል። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ለጥርስ ሐኪሙ ንገሩት እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ። ጭንቀትም ትልቁን ድርሻ ይይዛል። እኛ አካባቢ በእኛ አቆጣጠር ከ2014 ወዲህ ያሳለፍነውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጥርሱን ሲያፋጭ የሚያድር ሰው ፋርማሲዬ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው እንቅልፉን ነው።

እናት ከመርሳ፦
ልጄ ኳስ ሲጫወት የፊት ጥርሱ ወለቀ። መልሰው ተክለው በቀጭን ሽቦና በነጭ ማጣበቂያ ከጎኖቹ ጋር አሰሩለት። ይሄንንም ስፕሊንት ነው ያሉኝ። ይሄን ሁሉ ሳነብ ሆዴ ፈራ።

ኮምቦልቻ ኬሚካል፦
እናቴ፣ አይፍሩ። ያ ሌላ ነገር ነው። ነጭ ማጣበቂያው ኮምፖዚት ነው፣ በሰማያዊ መብራት ነው የሚጠነክረው። መጠኑ ትንሽ ነው፣ የሚቆየውም ለወለቀ ጥርስ በተለምዶ ሁለት ሳምንት ነው። እሱን ፈርተው ቢያስነሱት ጥርሱን ያጣል። ሐኪሙ የቀጠረልዎትን ቀን ብቻ አይለፉት።

መምህርት ከሆጤ፦
ሰላም በድጋሚ። ክሊኒኩ ተመልሼ ሄድኩ። የማሸጊያውን ወረቀት አሳዩኝ ስል መጀመሪያ ገረማቸው፣ ግን አሳዩኝ። የተጨመረው በራሱ የሚጠነክር ነው፤ ጀሶና ሰም እንዳለው ነው። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፣ ሲያስረዱት ይሰማል። አዲስ ልኬት ወስዶ ሙሉውን በሙቀት እንዲበስል ላብ ልኮታል፣ ተጨማሪ አላስከፈለኝም። "ከመውሰዴ በፊት እዘፈዝፈዋለሁ" ስለው "እኛው ዘፍዝፈን እንሰጥሻለን" አለኝ። የአፌ ቅላት ጠፍቷል። ልጄም ምንም ወስፋት አልተገኘበትም፤ እናቴ ግን አላመነችም።

ቦርከና፦
አልሐምዱሊላህ። እኔም እህቴ ያላትን የማታ ፕላስቲክ ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት። አረፋ የለውም፣ አይሸትም። እንድትጠቀምበት ነግሬያታለሁ።

ተለማማጅ ከወልድያ፦
ጀሶና ሰም፣ አንዲት የመጨረሻ ጥያቄ። በማብሰያው መሃል መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋለህ? እኛ ጋ አውጥተው ያስቀምጡታል።

ጀሶና ሰም፦
አታውጣው። ፍላስኩን ከክላምፑ አትፍታው፣ ክዳኑንም አትክፈት። ውሃው ውስጥ እንዳለ ይቆይ። ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልልለት፣ ሙቀቱ ቶሎ እንዳይወርድ። መብራት ሲመጣ ቀስ አድርገህ ወደ 70 መልሰው። ሰዓቱን መቁጠር የምትጀምረው ቴርሞሜትሩ 70 ሲያሳይህ ነው፤ ከመጥፋቱ በፊት ያለፈውን አትቁጠረው። ጄኔሬተር ከሌላችሁ ደግሞ መብራት በማይጠፋበት ሰዓት ጀምሩ፣ እኛ ሌሊት ነው የምናበስለው። ሲያልቅም በቀዝቃዛ ውሃ አታስደንግጠው፣ ፍላስኩ ውስጥ እንዳለ በራሱ ይቀዝቅዝ።